ሦስት ምስማር የጎደላት አውሮፕላን

እንየው አውሮፕላን በላ ይላሉ። ዛሬም ድረስ ዳንግላ ገበያ መሐል፣ ጋቢውን አጣፍቶ የሚሄድ የተከበረ ሽማግሌ አፉን ሞልቶ ይህንኑ ያወራል። በሬ በላ ቢሉ፣ ጥጃ በላ ቢሉ ለምዶብናል፤ ጭራሽ አውሮፕላን! እስቲ ይህን የሚል ሰው ምን ይባላል? እኔ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንየውን አውቀዋለኋ። አውሮፕላኗንም አውቃታለሁ፤ አሥር ዓመት የጠበቅኋት እኔ ነኝ።

አድማሴ እባላለሁ፤ የቆሰበር ገበሬ ልጅ ነኝ። ዳንግላ አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ሆኜ የተቀጠርሁት በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ማረፊያ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡ። ሣር ሜዳ ነው፤ አንድ የቆርቆሮ ጎጆ፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ የተሰቀለበት አንድ እንጨት፣ የቀረው ከብት። አውሮፕላኗ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ትቀራለች። የኔ ሥራ ከብቱን ከሜዳው ማባረርና ከተሳፋሪ በቀር ማንም እንዳይጠጋት መከልከል ነበር። ትእዛዙ ጎጆው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሰው ያስጠጋ ዘበኛ ከሥራው ይባረራል ይላል።

እንየው ቀጥቃጭ ነው። አባቱም አያቱም ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው። ሚስቱ ስትሞትበት አንድ ልጁን ሸጋን ይዞ ዳንግላ ገባና ከገበያው ጥግ ወናፉን ተከለ። ከሰሉን ከአዲስ ቅዳም ያስመጣል፤ ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይሠራል፣ ምሳር ይስላል፣ ያፈሰሰ ማንቆርቆሪያ ይደፍናል። በዚያ አካባቢ የእሱ እጅ ባልነካው ማረሻ ያረሰ ገበሬ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ታዲያ ያው ገበሬ ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ ፊቱን ያዞራል። እንየው ሲያልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ የምትታለብ ላም ካለች ወደ ጓሮ ትነዳለች። ሠርግ ቢጠራ አጥር ሥር ለብቻው አስቀምጠው በቅጠል ይሰጡታል። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ነው ነገሩ። እንደኛው ክርስትና የተነሣ፣ ሁዳዴን እንደኛው የሚጾም ሰው እኮ ነው።

እኔም ጻድቅ ነበርሁ አልላችሁም። መጀመሪያ የጎጆውን በር ማጠፊያ ሊሠራልኝ ሲመጣ ዓይኑን ሸሽቼ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የማናግረው። በኋላ በአገውኛ፣ ያውም በኛው ሠፈር አነጋገር አንድ ቀልድ ቢነግረኝ ሳቄ መጣ፤ በዚያው ወዳጅ ሆን። ቤቴም ይመጣ ጀመር። ሚስቴ እናትነሽ እሱ የጠጣበትን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በአመድ ታሸው ነበር፤ እኔም እያየሁ ተይ ብያት አላውቅም።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ሀብቱ በገበያ አስለፈፉ። የእጅ ሥራ መምህር ይቀጠራል፤ የትምህርት ወረቀት አይጠየቅም፤ ለሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ከሁሉ የበለጠ ሥራ ያቀረበ ሰው ቦታውን ያገኛል። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀጥቃጭ አይቅረብ የሚል ቃል አልነበረበትም።

እንየው የዚያን ቀን እሳቱን አጥፍቶ እኔ ዘንድ መጣ። ሸጋ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ገብታ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ነገር ግን አራት ልጅ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። አጠገቧ እንዳትቀመጡ እያሉ ልጆቻቸውን የሚልኩት ወላጆች ናቸው፤ አስተማሪው ያያል፣ ዝም ይላል። ሕፃን ልጅ ብቻዋን አግዳሚ ላይ! አንጀት ያለው ሰው ይህን እንዴት ችሎ ያያል? እንየው ስለ ራሱ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እንዲህ አለኝ፦

«እኔ መምህር ከሆንሁ አጠገቧ አልቀመጥም የሚል ልጅ አይኖርም።»

ምን ልትሠራ ነው ብለው አውሮፕላን አለኝ። ሌላው ሰው መሶብና በርጩማ ያመጣል፤ እሱ ማንም ያልሠራውን ያመጣል። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ አካሏን ከዋንዛ ፈልፍሎ ስስ ቆርቆሮ አለበሳት፣ ክንፏን ከላምባ ቆርቆሮ ቆረጠ። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አንድ ክንድ ከስንዝር ናት። እኔ በዚህ ይብቃ ባይ ነበርሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። የእውነተኛዋ አውሮፕላን ገላ አንድ ወጥ ቆርቆሮ አይደለም፤ ከብዙ ሉህ የተጋጠመ ነው፤ ሉሁን ከሉህ የሚይዘው ደግሞ ራሱ ክብ የሆነ ጥቃቅን ምስማር ነው፤ በረድፍ በረድፍ፣ በሺህ የሚቆጠር። ከሩቅ አይታይም። ብረት ከብረት እንዴት እንደሚያያዝ የሚያውቅ ሰው ግን መኖሩን ያውቃል። ምስማር የሌላት አውሮፕላን የልጅ መጫወቻ ናት አለ። ስለዚህ ቀርቦ ማየት አለበት።

አስጠጋሁት። የየካቲት ሐሙስ ነው፤ አብራሪዎቹ ምሳ ሊበሉ ከተማ ገብተዋል። ሰው ቢያየን ጎማዋን ሊጠርግ ነው እንድል መጥረጊያ አስያዝሁት። እንየው ኪሱ ሙሉ የቃጫ ገመድ ይዞ ነበር የመጣው። አንዱን ገመድ በረድፉ ላይ ይዘረጋል፣ ምስማር ባለበት ቦታ ሁሉ ይቋጥራል፣ ይጠቀልላል፤ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ረድፍ። ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። በግራ በኩል ክንፏ ከሆዷ ጋር ከሚገናኝበት ሲደርስ ቆመና ጠራኝ።

ሦስት ምስማር የለም። ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ጣቴን ይዞ ከቀዳዳው አሳረፈው፤ ጠርዙ ይቆረቁራል፣ ዙሪያው ያረጀ ዘይትና አቧራ ጠጥቷል። የዛሬ አይደለም፣ የቆየ ነው አለኝ። ለአብራሪዎቹ ንገራቸው ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ታወሰኝ። ብነግራቸው ማን አሳየህ ሊሉኝ ነው። የነሱን ነገር እነሱ ያውቃሉ አልሁና ነገሩን ተውሁት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ መሣሪያ መምረጥ ምን ያህል መከራ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። ያቺን የምታህል ምስማር በዚያች ትንሽ ክንፍ ላይ በምን ያወጣታል? መጀመሪያ ወስፌ ያዘ። ወስፌ ግን ይበሳል እንጂ አያሳብጥም፤ የምስማር ራስ ደግሞ ጉብ ያለ ነው። ወስፌውን አስቀመጠ። ቀጥሎ የአንድ ምስማር ጫፍ በሞረድ አደነዘዘ። ቆርቆሮውን በፍም አግሎ አለሰለሰ፣ በወፍራም የጫማ ቆዳ ላይ ገልብጦ አስተኛውና ከጀርባው በትንሽ መዶሻ ነካ አደረገው። ሲያገላብጠው ከፊት በኩል የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉብታ ወጥታለች። ደስ ሲል! ነገር ግን አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ ሆነች፤ መቶ ላይ ሲደርስ እጁ ዛለ፣ ረድፉ ተጣመመ። ያን ክንፍ ወርውሮ ሌላ ቆረጠ።

ልብስ ሰፊው ወርቅአየሁ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያትምበት፣ እጀታ ያለው ጥርሳም ጎማ እንዳለው ነገርሁት። ለራሴ አስመስዬ ተዋስሁለት። የጎማው ጥርስ ለጨርቅ የተሠራ ስል ስለሆነ ቆርቆሮውን ቀዳደደው፤ ሆኖም የእንየው ፊት በራ። ነገሩ ገባው፤ ምስማሩን እኩል የሚያራርቀው እጅ ሳይሆን ጎማ ነው። እኔ ጎማውን ልመልስ ስሄድ ግን ወርቅአየሁ የማን እጅ እንደያዘው ከሰው ሰምቶ ኖሯል። በመቀሱ ጫፍ አንሥቶ ቦይ ውስጥ ወረወረው። የሚሰፋበትን መኪና መርገጫ ሲሰበርበት የጠገነለት ማን ሆነና ነው? እንየው! መኪናውን ግን ቦይ አልጣለውም፤ ዛሬም ይሰፋበታል።

ከዚያ እንየው አንድ የሞተ የጠረጴዛ ሰዓት አገኘ። ሆዱን ከፍቶ ጥርሳም የናስ መንኮራኩሮቹን ጆንያ ላይ ደረደራቸው። አንዱን ያነሣል፣ ከገመዱ ቋጠሮ አሳንሶ ካወጣው ልክ ጋር ያስተያያል፣ ያስቀምጣል። ይኸኛው ምስማሩን ያጨናንቀዋል፤ ያኛው ያራርቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ልኩ ሆኖ ሳለ ስስ ነው፣ ጫን ሲሉት ይጎብጣል። በሦስተኛው ቀን ሁለት መረጠ። የአንዱን ጥርሶች በሞረድ ድንጋይ አሽቶ አደነዘዘ። የሁለተኛውን አንድ ጥርስ እየዘለለ ሞረደው፤ ወደ ክንፉ ጫፍ ምስማሩ ሳሳ ስለሚል ነው። ሁለቱንም የወይራ እጀታ አበጀላቸው። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ ሲያንከባልለው ረድፉ ትርትር እያለ ይወርዳል፤ አገላብጠህ ስታየው ጤፍ በክር ተሰክቶ የተለጠፈ ይመስላል። አንዱን ጎማ ለሆዷ፣ አንዱን ለክንፏ ጫፍ እያለዋወጠ ጨረሳት።

ይህ ሁሉ ጎማ እያለለት ግን ግራው ክንፍ ሥር ሲደርስ አስቀመጠውና ያንኑ የደነዘዘ ምስማር መልሶ ያዘ። አንድ አንድ እያለ በመዶሻ ይነካው ጀመር። ለምን ትደክማለህ ብለው ጎማው መዝለል አያውቅም አለኝ። ሦስቱ ከጎደሉበት ቦታ ሲደርስ ወስፌውን አነሣና ሦስት ቀዳዳ በሳ።

ሚያዝያ ሲገባ አቶ ሀብቱ አዩዋት። አውሮፕላኗን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ዙሪያዋን ዞሩ፤ ይህ በዳንግላ ተሠራ ቢሉኝ አላምንም አሉ። ከዚያ ጣታቸው ግራው ክንፍ ሥር ላይ አረፈ። እዚህ ጋ ረስተሃል፣ በዚያች ጎማህ ሙላው አሉት። እንየው ቆቡን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከእውነተኛዋም ላይ የሉም፣ ያላየሁትን አልሠራም አላቸው። አቶ ሀብቱ ተቆጡ። እሳቸው ቀጥቃጭ መልስ ሲሰጣቸው ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲያው ሐሙስ ከአብራሪዎቹ ጋር መካኒክ ይመጣል፣ እሱ ያሳፍርህ አሉት።

መካኒኩ ዓለምነው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ልብሱ ዘይት በዘይት። ትንሿን አውሮፕላን ከአቶ ሀብቱ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዞራት፣ በጣቱ ዳበሳት። እሱ ምስማሩን ሪቬት ይለዋል። የሪቬት ረድፍ እንዲህ ልክ ሆኖ አይቼ አላውቅም አለ። ጎደሎውን ሲያሳዩት ሳቀ፤ እየሳቀም ወደ ትልቋ ክንፍ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ተንበረከከና ሰንጢ ከሉሁ ሥር ሰደደ፤ ሉሁ ተነሣለት። ከጎደሉት ግራና ቀኝ ያሉትም ላልተዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ይውረድ አለ።

የዚያን ቀን አውሮፕላኗ አልተነሣችም። በማግሥቱ ቀትር ላይ መካኒኩ ጠግኗት ሄደች። ከመሄዱ በፊት ዓለምነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእንየውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ነገሩ ጥቂት ብቻ ቢቆይ ኖሮ በአየር ላይ ሉሁ ይገነጠል ነበር፣ አንተ ሰው አትርፈሃል አለው። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቀኛዝማች ደጉ ሰምተዋል፤ አዲስ አበባ የመሬት ክርክር ቀጠሮ ነበራቸውና ተሳፍረው ከወረዱት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ሰው የሆነ ሰው እንግዲህ ምን ይላል? ተመስገን ይላል። የኛ ከተማ ምን አለ መሰላችሁ? በላት አለ። ክንፏን አይቶ፣ ምስማሯን ቆጥሮ በላት፤ ሦስቱን በዓይኑ ነቀላቸው። መቁጠሩ ራሱ ለዚሁ ነው፣ አለበለዚያ ሰው ምን ቆርጦት ምስማር ይቆጥራል? ቅዳሜ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። ቀጠሮ ያለፈባቸው ቀኛዝማችም ቀጠሯቸውን የበላባቸው ማን እንደሆነ አገኙ። ወይ ነዶ! ሞት ሲጠብቃቸው ያዳናቸውን ሰው ገደለን ብለው ከሰሱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ቀኛዝማች ደጉ የወላጆች አፈ ጉባኤ ናቸው። ልጆቻችንን ለዚህ ዓይን አንሰጥም አሉ። አቶ ሀብቱ ሥራው ከሁሉ እንደሚበልጥ ያውቃሉ፤ ሌላ የቀረበው ሁለት መሶብና አንድ በርጩማ ነው። ስለዚህ አንድ መውጫ ፈለጉ፤ ይህን ያህል አልክዳቸውም። መካኒኩ ያየው እንየው ካየ በኋላ ነው፤ ምስማሩ ከዚያ አስቀድሞ ጎድሎ ያየ አንድ ሌላ ሰው ካለ ግን ነገሩ አለቀ፣ እንየው የኛ መምህር ነው አሉ። ዘወር ብለው እኔን አዩኝ።

«አድማሴ፣ የምትጠብቃት አንተ ነህ። የጎደለውን አስቀድመህ አይተሃል?»

እንየው ከአጥሩ ሥር ቆሟል፤ ሸጋ እጁን ይዛለች። አላየኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በየካቲት ጣቴን ቀዳዳው ላይ አሳርፌያለሁ፤ ዘይቱ እንዴት እንደደረቀ፣ ጉድለቱም እንየው ከማየቱ በፊት የቆየ እንደነበር አውቃለሁ። አዎ ማለት ብቻ ነበር። አዎ ካልሁ ግን ማን አስጠጋው የሚል ይመጣል፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ አራት ልጆቼ።

«እኔ ከብት ነው የማባርር፤ ምስማር አይቼ አላውቅም» አልሁ።

ቀኛዝማች ደጉ አልለቀቁኝም። እንግዲያው ይህን ሰው ማን አስጠጋው፣ ዘበኛው ምን ይሠራ ነበር ብለው በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ያን ጊዜ እንየው ቀና አለ።

«ማንም አላስጠጋኝም» አለ። «እሱ ለምሳ በሄደበት ተሰርቄ ነው የገባሁ።»

በቃ። ሌባም ሆነ፣ ቡዳም ሆነ። ቦታውን ለቀኛዝማች የእኅት ልጅ ለደሴ ሰጡት፤ ደሴ መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። በላ ያሉትን ሰው የእጅ ሥራ ግን አልመለሱለትም። ለበዓሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ብለው ለእንግዶች አሳዩዋት፤ በኋላ ዲሬክተሩ ቢሮ ውስጥ መስተዋት ቁም ሣጥን ገባች፤ ሦስቱን ቀዳዳዎች በሰም ደፍነውባታል። ሸጋ ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄደችም። እንየውም በዚያው ሳምንት ወናፉን ነቅሎ ልጁን ይዞ ወደ ዘንገና ተመለሰ። ባለፈው ጥር ስንቀብረው ከዳንግላ የሄድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሸጋ አሁን ባለ ትዳር ናት፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል አልቆጠረችም።

አሁን ስሙን በክፉ የሚያነሣ ካገኘሁ ገበያ መሐልም ቢሆን እጮሃለሁ፤ በዱላ የተነሣሁበትም ሰው አለ። አድማሴ ቁጡ ነው ይሉኛል። ያን እሑድ ግን ምላሴ አፌ ውስጥ ሳለ ቆሜ ሰማሁ። አለቃዬ ከሥራ አላባረረኝም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ አውሮፕላኗ ስትመጣ እንደ ወትሮዬ ከብቱን ከሜዳው አስወጣሁ።